ሁለት ትርፍ ቁራጮች

ልብስ ሰፊዋ ሰው መግደሏን የሰማችው ከፀጉር ሠሪዋ አፍ ነው።

የሁለቱ ሴቶች ሱቅ ጎን ለጎን ነው። የሚለያቸው ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሳ የአንዷ ደንበኛ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምትላት የሌላዋ ደንበኛ ናት። ፀጉር ሠሪዋ ሥራ ሲቀዘቅዝ ላፕቶፗን ትከፍትና ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት ጌም ትጫወታለች። አርባ ዓመት የደፈነች ሴት ምን ነካት ብሎ የሚስቅ ካለ፣ ፀጉሩን ሌላ ቦታ ቢቆረጥ ይሻለዋል።

«ትናንት ገደልሽኝ!» አለች በሩ ላይ ተደግፋ። «ያውም ሦስት ጊዜ። በመቀስ።»

ልብስ ሰፊዋ ስፒል ነክሳ ነበርና ወዲያው መመለስ አልቻለችም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እየነቀለች እጇ ላይ ባሰረችው ትራስ ሰካቻቸው። «ምን አልሽ?»

«ጌሙ ውስጥ አለሽ እኮ! እህትሽ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ያወጣው ጌም። አንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ‹ሰፊዋ› የምትባል ጭራቅ አለች፤ መቀሷ ክንድ ያህላል። ገና በሩን ከመክፈትሽ ከወገብሽ ላይ ቀጨም! ከመሞቴ በፊት ፊቷን ለቅጽበት አየሁት። ቁርጥ አንቺን!»

ነገሩ ለሌላ ሰው ቢሆን ተስቆበት ያልፍ ነበር። ለልብስ ሰፊዋ ግን ጌሙን የሠራችው እህቷ ማለት ልጇም ናት። እናታቸው ስትሞት ታላቋ ሃያ፣ ታናሿ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዕድሜዋ በታች ከሲታ ስለነበረች ሚጢጢ አሏት። ዛሬ ሚጢጢ ከታላቋ በአንድ ራስ ትበልጣለች፤ ሌላ ከተማ ተቀምጣ በኮምፒውተር ሥዕል እየሣለች ትኖራለች፤ ስሙ ግን እንደ ጠበበ ልብስ አልወልቅ ብሏት ቀረ። ያበላቻት፣ ያስተማረቻት፣ ከሁሉም በላይ ያለበሰቻት እህቷ ናት። አሁንም በሱቁ መሀል የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ የተሰቀለው ነጭ ቀሚስ የሚጢጢ የሠርግ ልብስ ነው። ሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ልብስ ሰፊዋ አሠራር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሷ ልብስ ሁልጊዜ ትርፍ አለው። በጎንና በጎን ሁለት ሁለት ጣት፣ ከታች ጠርዙ ላይ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ትተዋለች፤ ባለቤቱ ሲወፍር ወይም ሲያድግ ተርትሮ መልቀቅ እንዲቻል። ሌሎች ሰፊዎች ጨርቅ አባካኝ ይሏታል። ልብስ ስትፈትሽም መጀመሪያ የምትገለብጠው ወደ ውስጥ ነው። «ውስጡ ካልተሠራ ልብስ አይደለም» ትላለች፤ በውጭ አምሮ በውስጥ ክሩ የተንጠለጠለ ሥራ ካየች ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ትንቃለች።

ታዲያ ፀጉር ሠሪዋ በሄደች በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ መቀስ ከጨበጠች ጀምሮ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። የሠርጉን ቀሚስ ከአሻንጉሊቱ አወለቀች፣ ገለበጠችውና የሁለቱንም ጎን ትርፍ ከስፌቱ ሥር አስጠግታ ከረከመችው። የታችኛውንም እንዲሁ። ቀጫጭኑን ርጋፊ ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። «ጭራቅ ከሆንኩ ጭራቅ የሰፋውን ትልበስ» ብላ ይሆናል። ብቻ ሆድ ብሷት ነበር፣ የባሰውን ሆዷን የት እንደምታደርገው አላወቀችም።

ያን ቀን ማታ ሚጢጢ ደወለች። አላነሳችም። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ደወለች። «ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው» ብላ ስልኩን ከጨርቅ ክምር ሥር ከተተችው።

ሰፊዋ ግን በወሬ የምትፈርድ ሴት አይደለችም። የጭራቋን ፊት በዓይኗ ማየት አለባት። እውነትም ሚጢጢ በልቧ ያየቻት እንደ ጭራቅ ከሆነ ቀሚሱን በፖስታ ትልክላታለች፤ እሷ ግን ሠርጉ ላይ ድርሽ አትልም። ይህንን ለራሷ ቆርጣ ከነገረች በኋላ ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄዳ ከላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

ጨለማው ክፍል ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። ፀጉር ሠሪዋ በድልድይ አለፈች፣ ቁልፍ ፈለገች፣ ከማታውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ተሰዳደበች፤ ቀለም ተቀብታ ወንበር ላይ የተረሳች አንዲት ደንበኛም ከፈለገችው በላይ ቀላች። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ቀጨም የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ስክሪኑ ቀላ፣ አለቀ።

«አየሽ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ምኑን?»

«ራስሽን ነዋ!»

«ቀይ ነገር ነው ያየሁት። እሱም የደንበኛሽ ፀጉር ይሁን ምን ይሁን አላውቅም።»

በዚህ ዓይነት ሁለት ቀን አለፈ፤ ሰፊዋም ራሷን ሳታይ ራሷ ስድስት ጊዜ ገደለች። በመጨረሻ ፀጉር ሠሪዋ ላፕቶፑን ዘግታ በቦርሳ ከተተችና ሰጠቻት። «ለዶክተር ውሰጂለት። ጌሙ ሥዕሎቹን ሁሉ እዚሁ ማሽኑ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እሱ ከፋይሉ ውስጥ አውጥቶ እንደ ፎቶ ያሳይሻል፤ ቆማልሽ፣ ሳትንቀሳቀስ።»

ዶክተር የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሱቁ ውስጥ ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች በየመደርደሪያው ተኝተዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ «አይነሳም»፣ «ያተኩሰዋል»፣ «በየመሀሉ ራሱን ይስታል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስሙ የወጣለት በዚህ ነው እንጂ የሰው ደም ሲያይ ይወድቃል ይባላል። ጉዳዩን ከሰማ በኋላ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ወንበር አቀረበላት።

«ሥዕሎቹ አሉ እትዬ። ግን እንደ አልበም ተደርድረው የሚጠብቁን እንዳይመስልዎት። ጌሙ ሁሉንም አንድ ትልቅ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቆ አፉን ሰፍቶታል።»

«ታዲያ ተርትረው።»

ዶክተር ሳቀና ተረተረው። የጌም ሥዕል የሚወዱ ሰዎች ለዚሁ ብለው የሠሩት ትንሽ ፕሮግራም ነበረው፤ ለሽያጭ ሳይሆን ለማየት ብቻ። ጆንያውን ለፕሮግራሙ አሳየው፣ ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በቁጥር ተሞላ። ወደ ታች ቢያወርደው ቢያወርደው ማለቂያ የለውም።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ፋይሎቹ ናቸው። አርባ አንድ ሺህ።»

«እህቴ ብቻዋን?»

«ኧረ እሷ ብቻ አይደለችም።» የመጀመሪያውን ከፈተ። የጡብ ግድግዳ ሆነ፤ ቤት የሌለው ግድግዳ። ቀጣዩ በጥቁር ላይ የተበተነ ሣር ነበር። ቀጥሎ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ያለ አፍ በሁለት መስመር ተሰልፎ መጣ። ሰፊዋ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ከዚያ አንድ ዓይን፣ ብቻውን፣ ክብ ሆኖ፣ በቀጥታ ወደ እሷ እያየ።

«የማን ዓይን ነው?»

«የሁሉም። አንዱን ዓይን ይሠሩና ለሁሉም ያለብሱታል።»

ይህንን ለመዋጥ እየታገለች ሳለ ደግሞ ቅድም ያየችው የጡብ ግድግዳ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊና ሰማያዊ ሆኖ። «ይሄስ ምን ነክቶት ነው የበለዘው?»

«አልበለዘም። ይሄ ቀለም አይደለም እትዬ። የት ጋ ጉብታ፣ የት ጋ ጎድጓዳ እንዳለ መብራቱ የሚያውቅበት ነው።»

«መብራቱ ያውቃል?»

«ያው ኮምፒውተሩ ያውቃል።»

«እኔስ መቼ ነው የማውቀው?»

ልብስ ሰፊዋ ሞኝ አይደለችም፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ወገቡ ስንት እንደሆነ ሜትር ሳትዘረጋ ትናገራለች። እዚህ ግን ሰው የለም፣ ወገብ የለም፤ ቆዳ ለብቻው፣ ጥርስ ለብቻው፣ ዓይን ለብቻው። ዓለም በሙሉ ተበታትኖ ጆንያ ውስጥ ገብቶ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የጠፋ መሰላት። ግራ ገባት፤ ግራ መጋባቷም አናደዳት።

ዶክተር በቁጥር መፈለጉን ትቶ «ሰፊዋ» የሚለውን ስም ጻፈ። አርባ አንድ ሺው ፋይል ተሰበሰበና አራት ቀረ። የመጀመሪያውን ከፈተው።

ፊት ነው፤ ግን እንደ ሰው ፊት አይደለም። ግራና ቀኝ ተለጥጦ ስክሪኑን ሞልቷል። አፍንጫው ተጠፍጥፏል፣ ጆሮዎቹ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ሄደዋል፣ ዓይን በሚሆንበት ቦታ ሁለት ባዶ ጉድጓድ አለ። ከግራው ቅንድብ በላይ ካውያ ያሳረፈባት አጭር ጠባሳ፣ ልክ እንደሷው፣ ልክ በቦታዋ፣ ተቀምጣለች።

ሰፊዋ እጇን ወደ ቅንድቧ ሰደደች። «ገፍፋ ሰቀለችኝ!» አለች። «እንደ በግ ቆዳ ገፍፋ ወጠረችኝ! ይሄን ነው የምታየው፣ እኔን ስታስብ?»

«አይቆጡ፤ ይሄ ገና ያልተለበሰ ነው። አካሉ ላይ ሲሆን ሌላ ነው። ቆይ ላልብሰው» አለና ዶክተር ተጣድፎ ከአካሎቹ ዝርዝር አንዱን ነካ። ስክሪኑ ላይ አራት እግር ያለው፣ ጭራ ያለው ነገር ቆመ። የሰፊዋ ፊት በጎድኖቹ ላይ ተለጥፏል፤ አፏ ከጭራው ሥር ነው።

ሰፊዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ፈረስ ነኝ?» አለች በቀስታ።

«አይደሉም።»

«ፈረስ ነው እኮ። ጭራዬ ያውና።»

«ይቅርታ እትዬ፣ የኔ ጥፋት ነው። የሌላ አካል ላይ ነው የለጠፍኩት፤ ቁጥሩ በአንድ ሲለይ ተምታታብኝ...»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ በሩ ድረስ ሄዳ ነበር። የመለሳት ዶክተር አይደለም፤ ሳታይ ከሄደች ስምንት ቀን ሙሉ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኳን፣ ያ ፈረስ ዓይኗ ላይ እንደሚቀር ስለገባት ነው። ተመልሳ ተቀመጠች።

በዚህኛው ጊዜ ዶክተር ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። አንዲት ሴት በስክሪኑ መሀል ቆመች። ረጅም ናት፤ ሰፊዋ ሆና የማታውቀውን ያህል ረጅም። ቀሚሷ ግራጫ ነው፣ መሬት ይጠርጋል። በቀኝ እጇ ክንድ የሚያህል መቀስ ይዛለች፣ ሜትር በአንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፣ ሁለት ስፒል በከንፈሯ ነክሳለች። ፊቱ አሁን ተለብሷል፤ አፍንጫውም ጆሮውም ወደየቦታው ገብቷል። የሷ ፊት ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። አስተያየቱ ግን ደም ያቀዘቅዛል።

ፀጉር ሠሪዋ አልዋሸችም ማለት ነው። በሃያ ዓመቷ እኩዮቿ ሲዳሩ ልጅ ያሳደገችው፣ በደበዘዘ መብራት ዓይኗን የጨረሰችው፣ ለዚህ ነው? ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆማ የሰው ወገብ ልትቆርጥ?

«አስፈራለሁ?» አለችው።

ዶክተር ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። «ትንሽ» አለ።

«በቃ ዝጋው።»

«የቀረውን አያዩም? የቀሚሱ ፋይል አለ።» ሳይጠብቅ ከፈተው።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ቀኑን ሙሉ ስትደናበር የዋለችው ሴት ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። አሁን ግራ የተጋባው ዶክተር ነበር፤ ለሱ ግራጫ ቁርጥራጭ በካሬ ውስጥ እንደተበተነ ብቻ ነው የሚታየው።

«ይሄማ ቁርጥ ነው!» አለች። «ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ቁርጥ። እንዲህ ነው እንዴ የምትሠሩት? ለምን ከመጀመሪያው አልነገርከኝም! ይሄ የፊት ነው፣ ይሄ የኋላ፤ ይቺ ግራ እጅጌ፣ ይቺ ቀኝ። ኮሌታው ይኸውና። ፊቴንም እንዲሁ ነው የዘረጋችው፣ ስፌቱን ከማጅራት በኩል አድርጋ።» ካልተሰፋ ቁራጭ ተነስታ በልብስ ላይ እንደፈረደች ሲገባት ትንሽ አፈረች። ማንም ደንበኛ ጠረጴዛዋ ላይ የተበተነ እጅጌ አይቶ «አበላሸሽው» ቢላት በመቀስ ነበር የምታባርረው።

ከልማድ የተነሳ ቁራጮቹን ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

«እንዲህ ዓይነት ቀሚስ በዘጠኝ ቁራጭ ያልቃል። እዚህ አሥራ አንድ ነው። እነዚህ ሁለቱ የት ይገባሉ?» ጣቷን ከታች በጥግ ወዳሉት ሁለት ሰፋፊ ቁራጮች ጠቆመች። የሌሎቹ ዓይነት ግራጫ አይደሉም፤ ነጣ ያሉ፣ ጭረት ጭረት ያለባቸው ናቸው።

«ባዶ ቦታ መሙያ ይሆናል። ሠዓሊዎች አንዳንዴ...»

«ጨርቅ በከንቱ አይቆረጥም። ያቺ ልጅ ከኔ ነው የተማረችው። ሴትየዋን መልሳት።»

ረጅሟ ሴት ተመልሳ ቆመች። ሰፊዋ ከፊት አየቻት፣ ከኋላ አዞረቻት። ሁለቱ ቁራጮች የሉም።

«ገልብጣት» አለች።

«እንዴት?»

«ጭንቅላቷን ወደ ታች፣ ጠርዙን ወደ ላይ። የቀሚሱን ውስጥ አሳየኝ።»

ዶክተር ጆሮው ድረስ ቀላ። «እትዬ... ነውር አይሆንም?»

«የራሴ ቀሚስ ነው፤ ገልብጥ!»

«ምንም የለውም እያልኩዎት ነው። ጌም ላይ ውስጥ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ቀሚሱ መሬት ስለሚነካ ተጫዋቹ ፈጽሞ አያየውም። እግርም እንኳ የላትም ይሆናል። ማንም የማያየውን ማን ይሥላል?»

ይህንን እያለ ገለበጣት። እግር አልነበራትም፤ በዚህ ልክ ነበር። ውስጡ ግን ተሥሏል፤ ሁለቱ ትርፍ ቁራጮች እዚህ ነበሩ።

የጎን ስፌቶቹ አሉ፤ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ታጥፎ ተኝቷል፤ ጫፉ እንዳይረግፍ በእጅ ተዘምዝሟል፣ ሰፊዋ ብቻ በምትዘመዝመው አጋድሎ በሚሄድ ስፌት። ከታች አራት ጣት እጥፋት አለ። ከእጥፋቱ በላይ ደግሞ አንዱ ከሌላው ከፍ እያሉ የሚሄዱ ሦስት የደበዘዙ መስመሮች ይታያሉ፤ በመስመሮቹ ላይ የክር ርጋፊ ቀርቷል። የላይኛው ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቡናማ።

ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ያ ግራጫ የሚጢጢ የትምህርት ቤት ልብስ ነው። ሌላ መግዛት ባልተቻለበት ዘመን አንዱን ቀሚስ አራት ዓመት ለበሰችው፤ በየዓመቱ እህቷ ጠርዙን እየተረተረች ትለቅላት ነበር፣ የድሮው እጥፋት ግን መስመሩን ጥሎ ይቀራል። የክፍል ልጆች መስመሮቹን እየቆጠሩ ሲስቁባት እያለቀሰች መጥታ «አልለብሰውም» ብላለች፤ እህቷም ተቆጥታ አልብሳታለች። ሰፊዋ እስከ ዛሬ ያንን ቀሚስ የምታስታውሰው በዚያ ለቅሶ ነው። ልጅቷም በዚያው የምታስታውሰው ይመስላት ነበር። የክሮቹን ቀለም ግን እሷ ራሷ እንኳ ረስታዋለች፤ ያኔ ያገኘችውን ክር ነበር የምትጠቀመው። ይህንን ለማወቅ አንድ ሰው ቀሚሱን ገልብጦ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ፣ ጣቱን በስፌቱ ላይ እያስኬደ አይቶት መሆን አለበት።

እንባዋ ሲወርድ ዶክተር ደንግጦ ተነሳ። «ተበላሸ እንዴ? ቀለሙ ነው? ልለውጠው እችላለሁ።»

«አትንካው» አለች።

ወደ ሱቋ ስትመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ለፀጉር ሠሪዋ ላፕቶፗን መለሰችላት፤ «አየሽው? ነሽ አይደል?» ስትላት «ነኝ መሰለኝ» ብላ አለፈቻት። የሠርጉን ቀሚስ ከአሻንጉሊቱ አውርዳ ገለበጠችው። ከስፌቱ ቀጥሎ የቀረው ጨርቅ የጥፍር ስፋት እንኳ አይሞላም። አሥራ ሁለት ዓመት አብራት የሠራች ሠራተኛ እንኳ ብትሠራው ከሱቅ ታባርራት ነበር። ቁጭ ብላ እያየችው ሳለ ከጨርቅ ክምሩ ሥር ስልኩ ጮኸ። አነሳችው፤ ሚጢጢ ናት።

«እታለም! ኧረ ተመስገን! ታመሽ ነው? አራት ቀን ሙሉ...»

«አልታመምኩም። አንቺ ልጅ፣ እኔ እንደዚያ አስፈራለሁ?»

«... አየሽው እንዴ?»

«አየሁት። መቀሱንም አስተያየቱንም።»

«እታለም ሙች፣ ጭራቅ ብዬ አይደለም የሣልኳት። ማንም ሰው አልፏት የማይሄድ ሴት ሣዪ ሲሉኝ ሌላ ሰው ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም። ጨለማ ክፍል ያስገቧት እነሱ ናቸው። እኔማ መስኮት አድርጌላት ነበር።»

ይህ ምስጋና ይሁን ስድብ ልብስ ሰፊዋ አልገባትም፤ ዛሬም ድረስ በደንብ አልገባትም። «ውስጡንም አየሁት» አለች።

«የምኑን ውስጥ?»

«የቀሚሱን። ገልብጠነው።»

ሚጢጢ የምትስቅም የምታለቅስም የሚመስል ድምፅ አሰማች። «እሱ እኮ አይታይም። አለቃዬ ለማይታይ ነገር ሁለት ቀን ፈጀሽ ብሎ ጮኾብኛል።»

«ታዲያ ለምን ደከምሽ?»

«ውስጡ ካልተሠራ ልብስ አይደለም ትይ የለ እንዴ!»

ልብስ ሰፊዋ ሌላ ጊዜ ቢሆን «እሱስ ልክ ነሽ» ትል ነበር። አሁን የሠርጉን ቀሚስ ጠርዝ በጣቷ አሻሸች። «ስትደውዪ የከረምሽው ታዲያ ለዚህ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አይ... ለሌላ ነው። እንዳትቆጪ ግን።» ሚጢጢ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት መሆኗ ቀርቶ የሰባት ዓመቷ ልጅ ሆነች። «ከለካሽኝ ወዲህ ወፍሬያለሁ። በጣም አይደለም፤ ሁለት ጣት... ሦስት ይሆናል። ልነግርሽ ፈርቼ ነበር። ስልኩን ሳታነሺው ስትቀሪ እኮ እፎይ እያልኩ ነበር። ያው አንቺ ትርፍ ትተያለሽ ብዬ ነው የተጽናናሁት። ትተሽለታል አይደል?»

ሰፊዋ ወደ ቅርጫቱ አየች። ነጫጮቹ ርጋፊዎች እንደተጠቀለሉ አሉ። በሕይወቷ ስለ ልብስ ዋሽታ አታውቅም፤ ሙሽራን ፊት ለፊት «ወገብሽ ይሄ አይደለም» ብላ የነገረች ሴት ናት።

«ትቼለታለሁ» አለች። «አራት ጣት አለው። ደስ እንዳለሽ ብይ።»

ስልኩን ዘግታ ጨርቄን ማቄን ሳትል ወጣች። የጨርቅ ነጋዴው መዝጊያውን ግማሽ አውርዶ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ገባችና ነጩን ጨርቅ አሳየችው።

«ባለፈው ወር ይህንኑ ወስደሽ አልነበር?» አለ ነጋዴው። «ተበላሸ እንዴ?»

«ጠበበ።»

«አንቺ የሰፋሽው ልብስ? ጠበበ?»

«አዎ፣ እኔ የሰፋሁት ልብስ ጠበበ። ምን ያስገርማል?»

ነጋዴው በጣም ገርሞት ነበር፤ ፊቷን አይቶ ግን ሜትሩን አነሳ። የነገረችውን ያህል ለክቶ መቀሱን ሲያስጠጋ «ቆይ» አለችው። እጇን ጨርቁ ላይ አሳርፋ አራት ጣት ለካች። አሰብ አድርጋ ሌላ አራት ጨመረች።

«እዚህ ጋ ቁረጠው» አለች።